ዲስኳ የት አደረች?

በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሰፈሩና በየዕድሩ ቢያንስ አንድ አለ፤ ጥያቄ ይዛችሁ ስትሄዱ ሌላ ጥያቄ አሸክሞ የሚመልሳችሁ ሰው። «ቁልፌን አይተኸዋል?» ትሉታላችሁ። «ለመጨረሻ ጊዜ የያዝከው መቼ ነው? በየትኛው እጅህ?» ይላችኋል። ቁልፉን ትታችሁ እጃችሁን ስታስታውሱ ትውላላችሁ። በዚያ ዘመን ስኳርና ሳሙና ለሁሉም ማዳረስ ቢያቅትም ይህ ዓይነቱ ሰው ግን ያልደረሰው ወረዳ አልነበረም።

ለእኔ የደረሰኝ መካነ ሰላም ነው። አቶ ቢተው ወልደ ሚካኤል ይባላሉ፤ የቢሯችን መዝገብ ቤት ሹም ነበሩ። ከጀርባቸው «ሊቀ ጠያቂያን» እላቸው ነበር። ማዕረጉን ስሰጣቸው ጳጳስ አላማከርኩም።

ያወቅኋቸው ሰዓት ጠይቄያቸው ነው። ለቦታው አዲስ ነበርኩ፣ ሰዓቴም ቆማብኛለች። በመዝገብ ቤቱ መስኮት አንገቴን አስግጌ «ጋሽ ቢተው፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አልኳቸው። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ።

«ለምን ፈለግሽው?»

«እንዲያው ለማወቅ።»

«ለማወቅ ከሆነ አምስት ተኩል ነው። ለአውቶቡስ ከሆነ አምልጦሻል። ለምሳ ከሆነ ደግሞ ገና ነው፤ ተመለሽና ሥራሽን ሥሪ። ለየትኛው ነው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀሐይ አይቼ መገመት ለመድኩ።

አንድ ጎረቤታቸው ለልጁ ሚስት ሊያጭ ሽማግሌ አድርጎ ልኳቸው ነበር አሉ። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን» ብለው ጨረሱ። አቶ ቢተው ግን «አንዲት ጥያቄ አለችኝ» ብለው ተቀመጡ። የልጅቷ አያት ከየት ነው የመጡት? በየትኛው አጥቢያ ክርስትና ተነሡ? ወንድም ነበራቸው? ወንድማቸው ወዴት ሄደ? ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሙሽራውና ሙሽሪት በስድስተኛው ትውልድ ላይ ዘመዳም ሆነው ተገኙ፤ ሰርጉም ቀረ። ጎረቤትየው ከዚያ ወዲህ አላናገራቸውም። የልጅቷ አባት ግን በየፋሲካው ሙዳ ሥጋ ይልኩላቸው ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን የጠየቃቸው የለም።

ባለቤታቸው እትዬ አልታየች ደግሞ እንዲህ ብለውኛል፦ «ኧረ እኔስ ራሴን አመመኝ ማለት ከተውኩ ቆየሁ። ከየት በኩል ጀመረሽ? ምን ስትሠሪ ጀመረሽ? ትናንት ምን በላሽ? ሲሉኝ፣ መልሼ ሳልጨርስ ይተወኛል።»

አባታቸው የደብር ቄስ ነበሩ። እሳቸውም በልጅነታቸው ዳዊት ደግመው፣ ቅኔ ቤት ደጃፍ ደርሰው፣ ከዚያ መጽሐፍ መጠረዝ ተምረው ነው ወደ መንግሥት ሥራ የገቡት። የቢሮውን ፋይል ሁሉ በጆንያ መርፌ እየሰፉ ይጠርዙት ነበር። ከእሳቸው እጅ የወጣ ፋይል ገጹ አይጎድልም። ፋይል ጠይቆ ለመውሰድ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ያም ሆኖ ሰውየው ዋዛ አልነበሩም። አንድ ሰሞን ጄኔሬተሩ እያሳለ መቆም ጀመረ። የጄኔሬተሩ ሠራተኛ ቸኮል ሁለት ቀን ሙሉ እስከ ክንዱ ዘይት ተለቃልቆ ፈታው፤ አጠበው፤ ገጠመው፤ ሰደበው። አቶ ቢተው በሦስተኛው ቀን እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው መጡና «ነዳጁ የት ነው የሚያድረው?» አሉ። በርሜሉ ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር ክዳኑ ሳይጠብቅ ይቀመጥ ነበር፤ ዝናብ ሲዘንብ ውኃ ይገባበታል። ቸኮል አላመሰገናቸውም። «ሰውየው ገምቶ ነው» አለ።

«እኔ አልገምትም፤ እጠይቃለሁ» አሉት።

መካነ ሰላም ያደረሰኝ ኮምፒውተር ነው። ፕሮጀክታችን ድርቅ ዘራቸውን ለጨረሰባቸው የደጋ ገበሬዎች የስንዴ ዘር ያከፋፍል ነበር። በ1980 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ኮምፒውተር ተፈቀደለት። እኔ የአቀስታ ልጅ ነኝ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ አዲስ አበባ ስድስት ሳምንት አሠልጥነው ከማሽኑ ጋር ላኩኝ። ማሽኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ፤ እኔ ከኋላ ከጆንያው ጋር ተጫንኩ። በቋሚ ዕቃና በሰው መካከል ያለውን ልዩነት ያን ጊዜ ተማርኩ።

የዚያ ዘመን ኮምፒውተር በሆዱ የያዘው ነገር አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ማስነሻ ዲስክ ካላጎረሱት አይነሳም። ዲስኳ መዳፍ ሙሉ የምትሆን፣ ስስ፣ ጥቁር ካሬ ናት። ማስነሻዋን አንዱ አፉ ላይ፣ የገበሬዎቹ ስም ያለባትን ዲስክ ሌላው አፉ ላይ ታጎርሱታላችሁ፤ ያጉረመርማል፤ ከዚያ ይነቃል። ማስነሻዋ አንድ ቅጂ ነበራት። ቅጂዋ ሥራ አስኪያጁ አቶ ፈንታው ካዝና ውስጥ ተቆልፋ ተቀመጠች።

አቶ ፈንታው ደንብ አዋቂ ናቸው። ማስነሻዋ ዲስክ ከማሽኑ ጋር በአንድ ደረሰኝ ስለገባች ቋሚ ዕቃ ናት፤ ስለዚህ ማታ ማታ ለመዝገብ ቤት በፊርማ ትሰጣለች ብለው ወሰኑ። የስም ዝርዝሩ ያለባት ዲስክ ግን ከእርሳስና ከካርቦን ጋር ስለተገዛች አላቂ ዕቃ ናት፤ እኔ መሳቢያ ውስጥ ትደር ተባለ። የአንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ አባወራ ስም አላቂ ሆነ ማለት ነው።

አቶ ቢተው ማስነሻዋን የተረከቡ ዕለት በሁለት እጃቸው ያዟት፤ አገላበጧት፤ ከዚያ ደብተራቸውን አወጡ።

«ይህቺን ምን ይገድላታል?»

«መታጠፍ፣ ውኃ፣ አቧራ፣ ፀሐይ፣ የጣት ላብ፣ ማግኔት» አልኩ፤ አዲስ አበባ እንዳስጠኑን።

መታጠፍን ጠየቁ፤ ምን ያህል ሲታጠፍ? ውኃን ጠየቁ፤ ጉምስ? አቧራን ጠየቁ፤ የመጽሐፍ አቧራ ነው ወይስ የመንገድ? የእያንዳንዱን መልስ ከቃሉ ትይዩ ጻፉ። የጣት ላብን ስንጨርስ የምሳ ሰዓት ሊያልፍ ምንም አልቀረውም።

«ማግኔትስ ምን ዓይነት ነገር ናት? ምን ትመስላለች?»

ርቦኛል። «ጋሽ ቢተው፣ እሷ እንኳን እዚህ ቢሮ ውስጥ የለችም። ይተዋት» ብዬ ወጣሁ። ከበሩ ስወጣ ዞር ብዬ አየኋቸው፤ «ማግኔት» ብለው ጽፈው ከጎኑ ሁለት መስመር ባዶ ቦታ ተዉ።

ለዲስኳ ማኅደር ሰፉላት። ዳዊታቸው ቤታቸው ውስጥ እንደሚቀመጠው ዓይነት፣ ከለፋ የበግ ቆዳ፣ ማንገቻ ያለው። መጽሐፍ መሬት አይነካም፤ መደርደሪያም ላይ አይጋደምም፤ አይጥ አለ፣ እርጥበት አለ። ማኅደሩ ውስጥ ገብቶ ከግድግዳ ኩላብ ላይ ይንጠለጠላል። ዲስኳም ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ማታ ማታ ከመዝገብ ቤቱ ኩላብ ላይ ተንጠልጥላ አደረች፤ ጠዋት ጠዋት በፊርማ ወጣች። አንድም ቀን አላስቸገረችኝም። አዲስ አበባ ያሠለጠኑኝ ሰዎች እንኳ እንዲህ አድርገው አይጠብቋትም ነበር።

ሰኔ ገባ። የዘሩ መኪና ዓርብ ከደሴ ይመጣል ተባለ። ቅዳሜ ይታደላል፤ ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው መኪናው መመለስ አለበት። ዝርዝሩ በወረቀት ታትሞ ካልቀረበ አንድ ኪሎ ስንዴ አይወርድም። የገበሬ ማኅበራቱ የሞሉት ቅጽ ደግሞ ለቁጥጥር ወደ ሌላ ቦታ ተልኳል። ስሙ ያለው እኔ መሳቢያ ውስጥ ባለችው አላቂ ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ማሽኑን አስነሳሁ። ያጉረመርማል፤ ያጉረመርማል፤ ከዚያ የማሽኑ መስታወት ላይ አንዲት መስመር ጻፈ፦ ዲስኩን ማንበብ አልቻልኩም፣ ሌላ አስገብተህ አንድ ቁልፍ ተጫን ነው የሚለው በደምሳሳው። አውጥቼ መለስኳት። አጠፋሁት፤ አበራሁት። አፉን በአልኮል በነከርኩት ጨርቅ ጠረግሁ። አቶ ፈንታው ጠረጴዛው ከመስኮቱ ይራቅ አሉ፤ ራቀ። ቸኮል መብራቱን ለካና ከእኔ አይደለም አለ። የጽዳት ሠራተኛዋ «ትንሽ ጠበል ጠብ ቢደረግባትስ?» አለች፤ ውኃ አይነካትም አልኳት።

አቶ ቢተው በዚያ ቀን ሌላ ጣጣ ላይ ነበሩ። የጆንያ መርፌያቸው ጠፍታ ቢሮውን ሁሉ እየዞሩ «መርፌዬን ለመጨረሻ ጊዜ ያያት ማን ነው?» ይላሉ። በመጨረሻ ከኩላቡ ላይ ከተሰቀለው የስብሰባ ድምፅ ማጉያ ጀርባ ላይ ተለጥፋ አገኟት። «ደግሞ አንቺ እዚያ ላይ ምን ታደርጊያለሽ?» ብለው እሷኑ ሲጠይቋት ሰማሁ። ድምፅ ማጉያው ያ በእጅ የሚያዘው፣ ጥሩንባ የሚመስለው ነው። የአውራጃው ካድሬ ጓድ አሻግሬ ቅዳሜ ከስብሰባ በኋላ ይዞት መጥቶ የአዳራሹ ጣሪያ ስለሚያፈስ «እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ» ብሎ ለአቶ ቢተው ሰጣቸው።

ከሰዓት በኋላ ካዝናው ተከፈተና ቅጂዋ ወጣች። ማሽኑ ተነሳ! የስም ዝርዝሩንም ከፈትኩት፤ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባውም በሰላም አሉ። የቀሩትን እርማቶች አስገባሁ። ነገ ይታተማል ተባለና ቅጂዋ በፊርማ ለመዝገብ ቤት ተሰጠች።

ማክሰኞ ጠዋት እሷም ሞተች።

አቶ ፈንታው ደሴ ስልክ ደወሉ። እዚያ የእኛው ዓይነት ማሽን ያለው ቢሮ አለ፤ አንዲት ማስነሻ ብቻ ዓርብ በዘሩ መኪና እንልካለን አሉ። ስልኩ ሳይዘጋ ጓድ አሻግሬ ገባ። በዕድሜ ከእኔ በሦስት ዓመት ቢበልጥ ነው፤ ሲናገር ግን ድምፅ ማጉያውን የያዘ ይመስለዋል።

«በሁለት ቀን ሁለት ዲስክ! ዲስክ በራሱ አይሞትም። ይህ ኢኮኖሚያዊ አሻጥር ነው። ሦስተኛውስ እንደማይገደል በምን እናውቃለን? ይህን ማሽን የሚነካው ማን ነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ነገ ጠዋት በስብሰባ ይጣራል። ካልተጣራ ጓዲት ሐረግ ሐሙስ በሚሄደው መኪና ደሴ ሄዳ ትጠየቃለች።»

ደሴ የሚጠይቁት እንደ አቶ ቢተው አልነበረም። ማንም ሰው ይህን ያውቃል። ከጓደኞቼ አንዷ ለጥያቄ ሄዳ በሁለተኛው ዓመት ነው የተመለሰችው፤ ስትመለስም ብዙ አታወራም ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

አቶ ቢተው ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ደብተሩንም ይዘዋል።

«አብሽሪ ልጄ። አሁን ለቅሶውን ተይውና መልሺልኝ። ስንት ዲስክ ነበረን?»

«ሦስት።»

«ስንቷ ሞተች?»

«ሁለቷ።»

«ያልሞተችው የት ነው የምታድረው?»

«መሳቢያዬ ውስጥ።»

«የሞቱትስ የት አደሩ?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

«እኔ ዘንድ» አሉ ራሳቸው፤ ጻፉትም። «መልካም። እኔ ዘንድ ግን ከታኅሣሥ ጀምራ ስታድር ደህና ነበረች። ምን ተለወጠ? አንድ በአንድ እንያት። ሁለት ነገር አብረሽ ከለወጥሽ የትኛው እንደሆነ አታውቂም።»

አገራችን ላይ ዕቃ ሲጠፋ አውጫጭኝ የሚባል ነገር አለ፤ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ እያንዳንዱ የት እንደዋለ፣ የት እንዳደረ፣ ምን እንዳየ እየተጠየቀ ነገሩ ይወጣል። አቶ ቢተው በዚያ ከሰዓት በኋላ የአንዲት ዲስክ አውጫጭኝ ጀመሩ። ማኅደሩን ገለበጡ፤ አልረጠበም። ስፌቱን ዳሰሱ፤ አይጥ አልነካውም። ዘበኛውን ጠየቁ፤ በሩ አልተከፈተም። እያንዳንዱን እየጻፉ ሰረዙ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ።

«ውስጧ ምንድን ነው?»

«ቡናማ ነገር ነው። እንደ ካሴት ክር።»

«ካሴት የሚያውቅ ማን አለ?»

ቸኮል አለ። ቸኮል ካሴት ይወዳል። ተጠራ። «ካሴት ምን ይገድለዋል?» አሉት።

«ሙቀት ይገድለዋል» አለ። «ደግሞ ከድምፅ ማጉያ አጠገብ ማስቀመጥ አይገባም። ውስጡ ማግኔት አለ፤ ድምፁን ይበላዋል።»

«ማግኔት ምን ዓይነት ነገር ናት?»

«ምን፣ ብረት የምትስብ ብረት ናት። መርፌ ብታስጠጋላት ትለጠፍባታለች።»

አቶ ቢተው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብለው አዩኝ። «ይተዋት» ያልኩት እኔ ነኝ። ርቦኝ ስለነበር ነው። አሁን የማኅደሩ ጀርባ ከድምፅ ማጉያው ጀርባ ጋር በአንድ ኩላብ ላይ ተጣብቆ ሦስት ሌሊት አድሯል።

አቶ ቢተው መገመት ስለማይወዱ ፈተና ይደረግ አሉ። ቸኮል የሰርግ ዘፈን ካሴቱን እንዲያበድራቸው ጠየቁት፤ ለምን እንደሆነ ቢጠይቃቸው እሳቸውም በተራቸው መለሱለት። ካሴቱ ማኅደሩ ውስጥ ገብቶ በዚያው ኩላብ ላይ አደረ። ረቡዕ ጠዋት ቴፑ ውስጥ ሲገባ ዘፋኟ «ሙሽሪት» ብላ ጀመረችና ድምፅዋ ጠለቀ፤ ጠፋ፤ ከብዙ ሹክሹክታ በኋላ ስለ ሚዜዎቹ ስትናገር ተመለሰች። ቸኮል ይህን ካሴት እስከ ዛሬ አልረሳላቸውም።

ስብሰባው በአቶ ፈንታው ቢሮ ሆነ። ጓድ አሻግሬ ወረቀት ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ስሜ አናቱ ላይ ተጽፏል፤ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። አቶ ቢተው እጃቸውን አወጡ።

«ጥያቄ አለኝ» አሉ።

አቶ ፈንታው ተነፈሱ። «ለማን ነው ጥያቄው?»

«ለራሴ ነው።»

ቆሙ። ደብተሩን ገለጡ፤ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ከዚያ ራሳቸውን መጠየቅ ጀመሩ።

«ዲስኳ ቅዳሜ የት አደረች? እኔ ዘንድ። እሑድስ? እኔ ዘንድ። ቅጂዋ ሰኞ የት አደረች? እኔ ዘንድ። ኩላቡ ላይ ማን ሰቀላቸው? እኔ። ከምን ጋር ነው የሰቀልኳቸው? ከድምፅ ማጉያው ጋር። ድምፅ ማጉያውን እዚያ ኩላብ ላይ የሰቀለው ማን ነው? እኔ። ድምፅ ማጉያው ውስጥ ምን አለ? ማግኔት። ማግኔት ዲስክ ይገድላል? ይገድላል፤ ቸኮል ካሴቱን አምጣ።»

ካሴቱ ተሰማ። ዘፋኟ እንደገና ጠለቀች።

ድምፅ ማጉያውን ወደ መዝገብ ቤቱ ማን አመጣው? ይህን አልጠየቁም። ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ ጠበቅን። ጓድ አሻግሬም ጠበቀ፤ ጆሮው ቀላ። የሰው ዘር ሐረግ እስከ ስድስተኛ ትውልድ የጠየቀ ሰው ይህቺን አልፏት ወደ ሚቀጥለው ገጽ ዞረ።

ጓድ አሻግሬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማግኔት እንደሚጎዳት ተነግሮዎት ነበር?»

«ተነግሮኛል። እዚህ ተጽፏል።»

«ታዲያ ማግኔት ምን እንደሆነ አልጠየቁም?»

ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቸኮል ይመስለኛል። አቶ ቢተው አልጠየቁም የሚባለው ነገር ለማንም እውነት የሚመስል አልነበረም። አፌን ልከፍት ስል ሳያዩኝ እጃቸውን ወደ እኔ በኩል ዝቅ አደረጉ፤ ተቀመጪ እንደማለት።

«አልጠየቅሁም» አሉ።

እኔ በሕይወቴ ከእሳቸው አፍ የሰማሁት ውሸት ያ ብቻ ነው።

ጓድ አሻግሬ ስሜ ያለበትን ወረቀት አጠፈው። ጉዳዩ አሻጥር ሳይሆን የጥንቃቄ ጉድለት ነው፤ ጓድ ቢተው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣቸዋል፤ ቅዳሜ በውይይት ክበብ ግለ ሂስ ያደርጋሉ አለ። ሲወጣ በመዝገብ ቤቱ በኩል አልፎ ድምፅ ማጉያውን ከኩላቡ አውርዶ ይዞት ሄደ።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ መኪናው ደረሰ። ሾፌሩ ሦስተኛዋን ማስነሻ ዲስክ ከደረት ኪሱ አወጣት። አቶ ቢተው መንገዱ ላይ የት የት እንደቆመ፣ ዲስኳ በየትኛው ኪስ እንደነበረች፣ ኪሱ ውስጥ ሌላ ምን እንደነበረ ካልነገራቸው አላስገባም አሉት። ሾፌሩ ከአቀስታ ጀምሮ በዝናብ መንሸራተቱ ሳያንሰው እንዲህ ያለ ኬላ አጋጥሞኝ አያውቅም አለ። ሰባት ሰዓት ላይ ማሽኑ ተነሳ። አታሚው እየጮኸ ስም በስም አወጣው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የመጨረሻው ገጽ ወጣ። አቶ ቢተው በመርፌያቸው ሰፍተው ጠረዙት። ቅዳሜ ስንዴው ታደለ። ያ ዝርዝር አላቂ ሆኖ አልቀረም፤ በአቶ ቢተው ስፌት ቋሚ ዕቃ ሆነ።

ግለ ሂሳቸውም ተደረገ። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ፤ ራሳቸውን ሲጠይቁ ለእያንዳንዱ መልስ ሌላ ጥያቄ አለባቸው። የክበቡ ሊቀመንበር በመጨረሻ «በቃ ጓድ፣ ተቀብለናል» ብሎ ለመናቸው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ማሽን አይቻለሁ፤ ብዙ ዲስክም ሞቶብኛል። አሁን ሰዎች ስልክ ይደውሉልኛል። «ማሽኔ አልነሳ አለ፤ ዲስኩን አላነብም ይላል።» እኔም እጠይቃለሁ። ትናንት ይሠራ ነበር? ከትናንት ወዲህ ምን ተለወጠ? የት ነው ያደረው? ሰዎች ይበሳጫሉ፤ ከጀርባዬ ምን እንደሚሉኝም አላጣሁትም። ቅር አይለኝም። ማዕረጉን ያወረሱኝ ሰው እንዴት ያለ ሰው እንደነበሩ አውቃለሁ፤ እወዳቸውም ነበር።

ግለ ሂሱ ከተደረገ በኋላ ሰኞ ወደ መዝገብ ቤቱ ሄድኩ። ብቻቸውን ፋይል ይሰፋሉ።

«ጋሽ ቢተው፣ ጠይቀውኝ ነበር እኮ። ያልመለስኩልዎ እኔ ነኝ። ለምን አልጠየቅሁም አሉ?»

መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለምን ፈለግሽው?»

ማልቀስ አልፈለግሁም ነበር፤ አለቀስኩ። «እንዲያው ለማወቅ» አልኩ።

«ለማወቅ ከሆነ ቁጭ በይ» አሉ። ወንበር ሳቡልኝ። ደብተራቸውን ከመሳቢያው አውጥተው ያቺን ገጽ ገለጡ፤ ከማግኔት ጎን ያሉት ሁለት መስመሮች አሁንም ባዶ ናቸው። ብዕራቸውን አነሱ።

«ማግኔት ምን ዓይነት ነገር ናት? ምን ትመስላለች?»

ተቀመጥኩ። አሥራ ሰባት ጥያቄ ጠየቁኝ፤ አሥራ ሰባቱንም መለስኩላቸው። የምሳ ሰዓት አለፈ።